ለተዘጋ የእግር ደም ቧንቧ የሚታዘዝ እርምጃ፦ ከኦፕራሲዮን በፊትም በኋላም

ጋሼ ከቤታቸው ተነስተው ቤተክርስቲያን እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ መቆም ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መጀመሪያ ሱቁ ጋ ይቆማሉ። ባለሱቁን ሰላም ይላሉ፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ፋርማሲው በር ላይ። ከዚያ የቤተክርስቲያኑ አጥር ጥግ። አጎቴ ጨዋታ ወዳድ ናቸውና ማንም አልጠረጠረም። ለካ ሰላምታው ሰበብ ነበር። የሚያስቆማቸው ባታቸውን ጭምድድ አድርጎ የሚይዝ ሕመም ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆመው ሲያርፉ ይለቃቸዋል። ያንኑ ያህል ርቀት ሲሄዱ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ቤት ውስጥ አንዱ «ብርድ ነው» አለ፤ ሌላው «ሪህ ነው»። ባታቸው በቅቤ ታሸ። «ይቀመጡ እንጂ፣ ምን ያደክምዎታል» ተባሉ።

ሆላንዶች ይህን በሽታ «የሱቅ መስታወት እግር» ይሉታል። ጀርመኖችም «የሱቅ መስታወት በሽታ» የሚል ስም አላቸው። ሰውየው መስታወቱ ፊት የሚቆመው ዕቃ ለማየት አይደለም፤ እግሩ አልሄድ ስላለው ነው። የጋሼ መስታወት ባለሱቁ ነበር።

«ይቀመጡ» ማለታችን ስሕተት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ለዚህ በሽታ እርምጃ ራሱ መድኃኒት ነው። መጠን አለው፤ በሳምንት ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል ደቂቃ ተብሎ ይታዘዛል። ኦፕራሲዮን የማያስፈልገው ሰው ይወስደዋል። ኦፕራሲዮን የተደረገውም ይወስደዋል። ብዙ ሐኪም ቤት ግን ቢላዋው ይታዘዛል እንጂ እርምጃው አይታዘዝም።

በሽታው እንዲህ ነው። ከልብ ደም ተሸክመው ወደ እግር የሚወርዱት ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ግድግዳቸው ላይ ስብና ካልሲየም ይጋገራል። ቧንቧው ይጠባል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ጡንቻው የሚፈልገው ደም ጥቂት ስለሆነ ችግሩ አይታወቅም። መራመድ ሲጀምር ግን ጡንቻው ብዙ እጥፍ ደም ይጠይቃል። ያ ደም በጠበበው መንገድ አያልፍም። ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ይታመማል። መዘጋቱ ጭን ላይ ከሆነ ሕመሙ ባት ላይ ይሰማል። ከዚያ ከፍ ብሎ ሆድ ውስጥ ከሆነ ቂጥና ዳሌ ድረስ ይወጣል። ዋነኞቹ መንስኤዎች ሲጋራ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ዕድሜ ናቸው። በዓለም ላይ በሽታው ያለበት ሰው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ እንደኛው ባሉት ማለት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የደም ግፊት ክንድ ላይ ይለካል፣ ቁርጭምጭሚት ላይም ይለካል፣ ከዚያ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። ውጤቱ 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው ግን ቧንቧው በካልሲየም ስለሚደርቅ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ሊል ይችላል። ያኔ የእግር ጣት ላይ መለካት ያስፈልጋል። የወገብ ነርቭ ሕመምም ይህንኑ ይመስላል። ልዩነቱ እረፍቱ ላይ ነው። የደም ቧንቧው ሕመም ዝም ብሎ በመቆም ብቻ ይለቃል። የወገቡ ግን ካልተቀመጡ ወይም ጎንበስ ካላሉ አይለቅም።

ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ እግሩ እንዴት ይሻለዋል?

ለተዘጋ ቧንቧ የመጀመሪያው ሐሳብ «ይከፈት» ነው። ቀዶ ሐኪሞችም ያሰቡት ይህንኑ ነው። በ1948 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ ዣን ኩንላን የሚባል ሐኪም የታማሚውን የራሱን ደም መላሽ ሥር ወስዶ የተዘጋውን የጭን ቧንቧ የሚያልፍ መተላለፊያ ሠራለት። ዛሬ ባይፓስ የምንለው ነው። በጥር 1964 ደግሞ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ቻርልስ ዶተር እግራቸው ሊቆረጥ የነበረ የ82 ዓመት እናት ቧንቧ በቀጭን ቱቦ ከውስጥ ከፈተ። ቧንቧውን ከውስጥ የሚለጥጠው ፊኛና ክፍት አድርጎ የሚይዘው የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት የሚባለው፣ ከዚያ የመጡ ናቸው። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ስንት እግር አድነዋል።

ግን እርምጃ ከሁለቱም ይቀድማል። ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ቪልሄልም ኤርብ ለእንዲህ ያለ ሕመም እንቅስቃሴ ማዘዝ የጀመረው በ1898 ነው። በ1966 ደግሞ ላርሰንና ላሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በየቀኑ የሚራመዱትን ከማይራመዱት ጋር በዕጣ ለይተው አነጻጸሩ። የተሳተፉት 14 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የተራመዱት ግን ተሻላቸው።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው ተከምሯል። እኔን በጣም የገረመኝ ክሌቨር የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። መዘጋቱ ሆድ አካባቢ ያለባቸው 111 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን መድኃኒትና ምክር ብቻ አገኘ። ሁለተኛው ስቴንት ተገባለት። ሦስተኛው በባለሙያ ክትትል የመራመጃ ማሽን (ትሬድሚል) ላይ ተራመደ። ከ6 ወር በኋላ ያለ ማቋረጥ መራመድ የሚችሉት ጊዜ ሲለካ፣ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት 1.2 ደቂቃ ጨመሩ። ስቴንት የተገባላቸው 3.7 ደቂቃ። የተራመዱት ግን 5.8 ደቂቃ። እነዚህ ቧንቧቸው እንደተዘጋ ያለ ሰዎች ናቸው! በእርግጥ ስቴንት የተገባላቸው ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ የበለጠ መሻሻል ተናግረዋል። ከ18 ወር በኋላም በሁለቱ መካከል ያለው የመራመድ ልዩነት ጠቧል። ቢሆንም ከመድኃኒቱና በእግር ከመሄድ ሌላ ምንም ያልተደረገለት ሰው ስቴንት ከተገባለት እኩል ወይም በላይ መሄዱ ቀላል ነገር አይደለም።

ምስጢሩ ያለው ቧንቧው ላይ ሳይሆን ጡንቻው ላይ ነው። በተደጋጋሚ የሠራ ጡንቻ በትንሽ ኦክስጅን ብዙ መሥራት ይማራል። ኃይል የሚያመነጩት የሴሎቹ ክፍሎች ይጠነክራሉ። ጸጉር የሚያህሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበረክታሉ። የቧንቧዎቹ የውስጥ ሽፋን ቧንቧው ሲፈለግ እንዲሰፋ ማድረግን እንደገና ይችላል። አረማመዱም ይስተካከላል፤ ያንኑ መንገድ በትንሽ ጉልበት ይሄዳል። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ግን ብዙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ቁጥሩ አልተሻሻለም» ተብሎ እርምጃው መተው የለበትም። መለኪያው የሚሄዱት ርቀት ነው።

ሕመሙን መፍራት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እግር ሲያም ማቆም ደመ ነፍስ ነው። ወላጅ ሲያመው ያየ ልጅም «በቃ፣ ተቀመጥ» ይላል። ፍቅር ነው። ግን ባትን የሚይዘው ይህ ሕመም ጡንቻው ደም እንዳጠረው ይነግረናል እንጂ እግሩን እየጎዳ አይደለም። ለጡንቻው እንዲለወጥ የሚነግረውም እሱ ነው።

በቺካጎ ዶክተር ሜሪ ማክደርሞት የመራችውና በ2021 የወጣው ላይት የተባለ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። 305 ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቡድን ቤቱ አካባቢ እግሩ እስኪያመው ፈጠን ብሎ ይሄዳል። ሌላው ሳያመው፣ በዝግታ፣ እንደ ሽርሽር ይሄዳል። ሦስተኛው የእርምጃ ፕሮግራም የለውም። ከአንድ ዓመት በኋላ በ6 ደቂቃ ውስጥ የሚሄዱት ርቀት ተለካ። እስኪያማቸው የሄዱት ከ338 ሜትር ወደ 371 ሜትር አደጉ። በዝግታ የሄዱት ግን ዓመቱን ሙሉ ተራምደውም ፈቅ አላሉም። ፕሮግራም ካልነበራቸው የተሻለ ውጤት አላገኙም።

እናም አሠራሩ እንዲህ ነው። ይሄዳሉ። ሕመሙ ይጀምራል። አይቆሙም። መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማሉ። ጨርሶ እስኪለቅ ያርፋሉ። እንደገና ይሄዳሉ። ይህ መሄድና ማረፍ አንድ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። መጀመሪያ ላይ ከሚሄዱበት የሚያርፉበት ሊበልጥ ይችላል፤ ምንም አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የእግሩ ቧንቧ የጠበበ ሰው የልቡም ሊጠብ ይችላል። እንዲያውም እነዚህን ሰዎች ከእግር መቆረጥ ይልቅ በብዛት የሚገድላቸው የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው። ስለዚህ ከመጀመር በፊት ሐኪም ልብን ይመልከት። ባት ሲያም መቀጠል ይቻላል። ደረት ሲጨንቅ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ግን ወዲያው ማቆም ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት

ሲራመድ ብቻ ለሚያመው ሰው ኦፕራሲዮን የመጀመሪያ ሕክምና መሆን የለበትም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ2012 ጀምሮ ይህን በግልጽ አስቀምጧል። በሳምንት 2 ሰዓት፣ ለ3 ወር፣ በባለሙያ ክትትል ይራመድ ይላል። በፊኛ መክፈት የሚቀርበው እሱ ተሞክሮ በቂ ለውጥ ካልመጣ ነው። ብዙ ሰው «አሁን ካልተከፈተ በኋላ እግሬ ይቆረጣል» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሲራመዱ ብቻ ከሚያማቸው አብዛኞቹ እግራቸውን አያጡም። ለወደፊቱ መከላከያ ብሎ ቧንቧ መክፈት ደግሞ አይመከርም፤ የተከፈተው ሲዘጋ ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላልና።

ኦፕራሲዮኑ የማይቀር ቢሆንም ቀደም ብሎ መራመድ ትርፍ አለው። ልብና ሳንባ ይዘጋጃሉ፤ ጡንቻው ሳይሟሽሽ ይቆያል። ሲጋራና ሺሻ ለማቆምም ጥሩ ጊዜ ነው። ማጨስ የቀጠለ ሰው የተሠራለት ባይፓስ የመዘጋት ዕድሉ እጅግ ይጨምራል።

መራመድ የማይታዘዝላቸውም አሉ። ተኝቶ ሳለ ሌሊት እግሩን የሚያመውና ከአልጋ አውርዶ ሲያንጠለጥለው ብቻ ቀለል የሚለው ሰው አለ። የማይድን ቁስል ያለበት፣ ወይም ጣቱ የጠቆረም አለ። ለእነዚህ ነገሩ አስቸኳይ ነው። ቶሎ የደም ቧንቧ ሐኪም ጋ መድረስ አለባቸው እንጂ «ተራመድ» አይባሉም። ስኳር ያለበት ሰው የተደነዘዘ እግሩን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍም የለበትም፤ ሳይሰማው ይቃጠላል።

እግሩን መጠቀም ለማይችል ሰው ደግሞ የማይጠበቅ መንገድ አለ። በእጅ የሚሽከረከር ፔዳል። ክንዳቸውን ብቻ ያሠሩ ሰዎች በእግር የሚሄዱት ርቀት እንደጨመረ ጥናቶች አሳይተዋል። ጥቅሙ ከእግር ጡንቻ አልፎ ልብንና የደም ቧንቧዎችን ሁሉ የሚነካ በመሆኑ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ

ጋሼ በመጨረሻ ግራ እግራቸው ላይ ባይፓስ ተሠራላቸው። ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። ሲወጡ የመድኃኒት ዝርዝር ተሰጣቸው፤ የቁስል መጠረጊያና የቀጠሮ ቀንም እንዲሁ። ስለ እርምጃ የተባሉት «ራስዎን ያንቀሳቅሱ» ብቻ ነበር። ስንት ደቂቃ? መቼ ተጀምሮ? ያልነገሯቸው ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚነግር ባለሙያ ስላልነበረ ነው። እሳቸውም ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ሆኑ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ቧንቧው ተከፍቷል። ጡንቻው ግን ለዓመታት በደም እጥረት የኖረ ነው፤ ከሳ፣ ደከመ። ሰውየውም አጭር መንገድ ለምዷል። ይህን ኦፕራሲዮን አይመልስም። በ1989 የታተመ የስዊድን ጥናት 75 ሰዎችን በሦስት ከፈለ፦ ኦፕራሲዮን ብቻ፣ እንቅስቃሴ ብቻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ። ሦስቱም ተሻላቸው። ከሁሉ የበለጠ የሄዱት ግን ሁለቱንም ያገኙት ናቸው። በ2015 ኢሬዝ የተባለው የሆላንድ ጥናት በ212 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። በክትትል ብቻ የተራመዱት በአንድ ዓመት ውስጥ መሄድ የሚችሉት ከ285 ሜትር ወደ 1240 ሜትር ደረሰ። መጀመሪያ ቧንቧቸው ተከፍቶ ከዚያ የተራመዱት ደግሞ ከ264 ወደ 1501 ሜትር። ልብ በሉ፤ የትልቁ ድርሻ ባለቤት በሁለቱም ቡድን ውስጥ ያለው እርምጃ ነው።

አጀማመሩ በልክ ነው። ባይፓስ የተሠራለት ሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተደግፎ ይነሳል። ቤት ሲገባ አጭር አጭር እርምጃ፣ በቀን ደጋግሞ። ከዚያ ቁስሉ ሲድንና ቀዶ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ከላይ ያልነው የ12 ሳምንት ፕሮግራም ይጀመራል። ከባይፓስ በኋላ እግር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያብጣል። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ እርምጃውንም እንዲተው ያደርጋል። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ ይረዳል። ጉልበትን አጥፎ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ግን ጥሩ አይደለም። እብጠቱ በድንገት ከጨመረ፣ ከቀላ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በሽታው አንድ እግር ላይ ብቻ መሆኑ ብርቅ ነው። ጋሼ መራመድ ሲጀምሩ ግራቸው ዝም አለ፤ ቀኙ መናገር ጀመረ። ድሮም ታሞ ነበር። ግራው ቀድሞ ስለሚያስቆማቸው አልተሰማም እንጂ። እሳቸው «ኦፕራሲዮኑ ተበላሸ» ብለው አለቀሱ። አልተበላሸም ነበር።

የሚያስጮኸው ምልክት ሌላ ነው። የታከመው እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ ባይፓሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ማሸት የለም፣ ማሞቅ የለም፣ እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

ማን ይከፍላል?

የዚህ ሕክምና እንቅፋት ሳይንሱ አይደለም። ለቢላዋ የሚከፈልበት መንገድ አለ፤ ለእርምጃ ግን የለም። ሆላንድ ይህን ቀድማ ገባት። ከ2011 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሠለጠኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በመላ አገሪቱ የሚያገናኝ ክላውዲካሲዮኔት የተባለ መረብ ዘረጋች። ታማሚው ከቤቱ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ መሠረታዊው የጤና መድን እስከ 37 ክፍለ ጊዜ ይሸፍናል። እኔ እንደማስበው ለውጡን ያመጣው ይህ ክፍያና ቅርበት ነው እንጂ ሆላንዳዊ ከሌላው ይበልጥ መራመድ ስለሚወድ አይደለም።

አሜሪካም በግንቦት 2017 ሜዲኬር የተባለው የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን በ12 ሳምንት ውስጥ 36 ክፍለ ጊዜ እንዲሸፍን ወሰነች። እዚያ ያላችሁ፣ አባት ወይም እናታችሁ ሜዲኬር ያላቸው፣ ይህን ጠይቁ። ሐኪሙ ፊት ለፊት አግኝቷቸው ማዘዝ አለበት። መብቱ እያለ የሚጠቀመው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በሳምንት 3 ቀን የሚያመላልሳቸው ልጅ ሥራ ላይ ነው። በየጊዜው የሚከፈል ድርሻም አለ። ቋንቋውም ይከብዳል። ስለዚህ ቤት አካባቢ የሚደረግ፣ በስልክ ክትትል ያለው ፕሮግራም እንዳለ መጠየቅም ያዋጣል። እስኪያማቸው ተራምደው የተሻላቸው የላይት ተሳታፊዎች የተራመዱት ቤታቸው አካባቢ ነበር።

አገር ቤት ደግሞ ትሬድሚልና መድን መጠበቅ አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። ስኳር ከተማውን እያዳረሰ ነው። የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሠለጥናል። የስኳር ክትትል ክፍሎች በየሆስፒታሉ አሉ፤ ታማሚው እዚያ በቀጠሮ ይመላለሳል። የሚጎድለው ሁለቱን የሚያገናኝ ወረቀት ነው። አስፋልቱ ጉድጓድ ነው፣ መኪናው አያሳልፍም የሚለውን አውቃለሁ። ግን ጠዋት በማለዳ የመስቀል አደባባይን ደረጃና ሜዳ የሚሞላውን ሰው ተመልከቱ። የቤተክርስቲያንና የመስጊድ ቅጥር ግቢ አለ። ወደ መሬት የማይወርድ ሰው ኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ ሊመላለስ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦ «በሳምንት 3 ቀን ይራመዱ። ባትዎን ጠንከር አድርጎ እስኪይዝዎ ይሂዱ፤ እስኪለቅዎ ይረፉ፤ ይድገሙ። በ15 ደቂቃ ይጀምሩ፤ እስከ 50 ደቂቃ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ሳያርፉ የሚያልፉትን የመብራት ምሰሶ ይቁጠሩና ይጻፉ። ማታ ማታ እግርዎን በመስታወት ይዩ፤ ቁስል ካለ አይራመዱ፣ ይምጡ። ከ12 ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዘው ይቅረቡ።»

ጋሼ ይህን የመሰለ ወረቀት ያገኙት ዘግይተው፣ ከአንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ደብተራቸው የመጀመሪያው ገጽ ላይ «4 ምሰሶ» ይላል። አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ «13 ምሰሶ፣ ቀኙ አመመኝ፣ ባለሱቁን ስመለስ ሰላም አልኩት» ብለው ጽፈዋል።